የንብ ጥቅምና የሚያጠፏት ነገሮች

ንብ ማር የምትሰጥ ፍጥረት መኾኗን የማያውቅ ሰው በአገራችን አይገኝም። ሕፃኑ በማር እንጀራ፣ ሽማግሌው በብርዝና በጠጅ፣ ካህኑ በጧፍ ያውቃታል። ነገር ግን ማርና ሰም ከሥራዋ ትንሹ እጅ መኾኑን፣ ትልቁ ሥራዋ ግን በየጓሮውና በየእርሻው የሚገኘው ፍሬ መኾኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እኛም ከማያስተውሉት ወገን ነበርን። የተማርነውም ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከአንድ የዱባ ሐረግ ነውና፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ምክር ይኾን እንደ ኾነ ብለን ነገሩን እንደ ተደረገው እንጽፋለን።

ቤታችን በሐዋሳ መሃል ከተማ ነው። በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ሲጀምር ባለቤታችን በአጥሩ ሥር ዱባ ተከለች። ሐረጉ በክረምቱ አድጎ አጥሩን ተሻገረ፤ ቢጫ አበባውም በየማለዳው ይፈካ ጀመር። በአንዳንዱ አበባ ሥር አውራ ጣት የምታህል ትንሽ ዱባ ብቅ ትላለች፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ቢጫ ትኾንና ትረግፋለች። ባለቤታችን ፍግ ጨመረች፣ አፈሩን ኰተኰተች፤ ምንም አልረዳም። ከጎረቤቶቻችን አንዲቱ «ሰው ዐይኑን ጥሎበት ነው» አለች። እኛም የዘሩን ሻጭ አማን።

በዚህ መካከል ከሲዳማ ገጠር ማር እያመጡ የሚሸጡልን አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ በማለዳ መጡ። ቡና ቀርቦላቸው ሳለ ባለቤታችን «አባባ፣ ይህን ዱባ ምን ነካብኝ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ሐረጉን ዞረው አዩና «ልጄ፣ ዱባሽ ደኅና ነው። እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ አንዲት ንብ አላየሁም። ንቦቻችሁን ምን አደረጋችኋቸው?» አሉ።

እኛ ይህን ስንሰማ መልስ አጣን፤ ምን እንዳደረግናቸው እናውቅ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር አንድ የንብ መንጋ መጥቶ በጎረቤታችን ቤት ኮርኒስ ውስጥ ገባ። አባቶቻችን ንብ ወደ ቤት ሲገባ እንደ በረከት ይቈጥሩት ነበር፤ እኛ ከተሜዎቹ ግን እንደ ወንበዴ ቈጠርነው። የጎረቤታችንን ሕፃን የዐይኑን ሽፋን ነድፋው ፊቱ ስላበጠ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ንቦቹ እንዲጠፉ ወሰነ። ገንዘብ ማዋጣት ባስፈለገ ጊዜ «ጸሐፊ እርስዎ ነዎትና ይጻፉልን» አሉን፤ የአዋጪዎቹን ስም በወረቀት የመዘገብን፣ የመጀመሪያውንም ብር የከፈልን እኛው ነን። ትኋን የሚያጠፋ ሰው በሌሊት መጥቶ መርዙን በኮርኒሱ ቀዳዳ ነፋ። በማግሥቱ የሞቱት ንቦች በአካፋ ተጠረጉ። ማሩ ከእንጀራው እየፈሰሰ በወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ መርዝ የነካው ስለ ኾነ ግን ማንም ሊቀምሰው አልደፈረም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን የሌላ ቀፎ ንቦች የፈሰሰውን ማር ሊልሱ ይመጡና እዚያው ወለል ላይ ይወድቁ ነበር። ያን ጊዜ «ደግ ሠራን» ብለን ተመለስን።

ዱባው ለምን ፍሬ እንዳልያዘ ያስረዳችን በዚያ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ትማር የነበረችው ልጃችን ናት። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ የኾኑ ሁለት ዓይነት አበቦች ያወጣል። ትንሿን ዱባ ከሥሯ የያዘችው ሴቴዋ ናት፤ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመው ወንዴው ነው። የወንዴው ዱቄት በሴቴዋ ላይ ካልደረሰ ፍሬዋ አያድግም። ይህ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለ ኾነ ነፋስ አያደርሰውም፤ በጠጕራሙ ገላዋ ላይ ተሸክማ የምታደርሰው ንብ ናት። አበባውም በንጋት ፈክቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናልና ያን ጊዜ ንብ ካልመጣች ቀኑ አለፈ ማለት ነው። ልጃችን በማግሥቱ ማልዳ ተነሥታ የወንዴውን አበባ ቀጥፋ ቅጠሉን ካነሣች በኋላ በሴቴዎቹ ላይ በቀስታ አሸችው። እንዲህ እያደረገች በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ዱባ አስያዘች። በመጨረሻ ግን ደከማትና «አባባ፣ ይህን ንብ ብትሠራው ይሻላል» አለችን።

አንድ መንጋ በመጥፋቱ ብቻ ይህ ሁሉ ኾነ አንልም። ንብ ከቀፎዋ ተነሥታ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሲያስፈልግም ከዚያ የበለጠ ርቃ ትቀስማለችና ከሌላ ሰፈር ልትመጣ ትችል ነበር። ነገር ግን እኛ ያደረግነውን ሌላውም ሰፈር ያደርገዋል፤ በመጨረሻ የሚመጣባት ስፍራ ይጠፋል።

በዱባ የኾነው በሌላውም ፍሬ ይኾናል። በሐዋሳ የጭማቂ ቤቶች በየቀኑ የሚቀርበውን አቮካዶ እንመልከት። የአቮካዶ አበባ አንዲቱ ራሷ ሁለት ጊዜ ትፈካለች፤ በመጀመሪያ ሴቴ ኾና ትከፈትና ትከደናለች፤ ቀጥላ ደግሞ በማግሥቱ ወንዴ ኾና ትከፈታለች። በጧት ሴቴ የምትኾን የዛፍ ዓይነት አለች፤ ከቀትር በኋላ ሴቴ የምትኾንም አለች። ስለዚህ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በጊዜው የሚመላለስ ነፍሳት ያስፈልጋል፤ በዚህም ሥራ ንብ ከፊተኞቹ ናት። ዛሬ በይርጋለም በሚገኘው የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል፤ ዘይቱም ወደ ውጭ አገር ይላካል። የዚያ ዘይት የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ደመወዝ የማትጠይቀው ንብ ናት ብንል ማጋነን አይኾንብንም።

ቡናም እንዲሁ ነው። የቡና አበባ ያለ ንብ ራሱን ችሎ ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ንብ በጎበኘችው ጊዜ ግን ፍሬው ይበዛል። ኑግ ደግሞ በገዛ ዱቄቱ ፍሬ መያዝ የማይኾንለት በመኾኑ ንብ ካልመጣችለት አበባው ለዐይን ብቻ ይቀራል። ጤፍና ስንዴ፣ በቆሎና እንሰት ንብ አይሹም፤ ይህን አለመናገር ውሸት ይኾናል። ያለ ንብ በረኃብ ሁላችን አንሞትም፤ ነገር ግን ማዕዳችን ከፍራፍሬውና ከአትክልቱ፣ ከቅባቱም ብዙ ያጣል። በዓለም ላይ ከሚታረሱት ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች በዓይነት ቢቈጠር ከመቶ 75 ያህሉ በመጠኑም ቢኾን በንብና ንብን በመሰሉ እንስሳት ርዳታ እንደሚያፈሩ የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ይገልጻል።

ይህችን ሠራተኛ በቅርብ ላያት ሰው ኑሮዋ ያስደንቃል። አባቶቻችን በቀፎ ውስጥ የምትገዛዪቱን «አውራ» ብለው ይጠሯታል፤ ነገር ግን እርሷ ወንድ ሳትኾን የሁሉ እናት የኾነች ንግሥት ናት። እንቍላል ከተጣለ በኋላ ንግሥት በ16 ቀን፣ ሠራተኛ በ21 ቀን፣ ድንጉላ በ24 ቀን ትወለዳለች። ሠራተኛዪቱ እንደ ተወለደች በመጀመሪያ ቤት ትጠርጋለች፤ ቀጥላ ታናናሾቿን ታጠባለች፣ ሰም እያወጣች እንጀራውን ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች፤ ወደ ሜዳ የምትሰማራው በዕድሜዋ መጨረሻ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ የምታከማቸውም ማር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛውን እጅ ያህላል። እንግዲህ በብርሌ የምንጠጣው ጠጅ የስንት ሺህ ነፍሳት ዕድሜ እንደ ኾነ አንባቢ ይቍጠረው።

አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በእንጀራው ላይ እየተወዛወዘች በመሽከርከር አበባው በየት በኩልና ምን ያህል ርቆ እንደሚገኝ ለእኅቶቿ ታስታውቃለች። ይህን ምሥጢር የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የአውስትሪያ ሊቅ ሲኾን፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በአገራችንም ንብና መንግሥት ከጥንት የተዛመዱ ናቸው። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት እናቱ ንግሥናውን እንዳወቀች፣ ስሙም ከዚህ እንደ ወጣ ይተረካል። ለቤተ መንግሥት በማር ይገበር ነበር፤ ሰሙም ከአገሪቱ የንግድ ዕቃዎች አንዱ ኾኖ ኖሯል። የቅኔ ተማሪ የሚያውቀው «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም እንኳ ወርቅ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ አውጥቶ ወርቁን ከሚያፈስበት ሥራ የተወሰደ ነው። ዛሬም ኢትዮጵያ በማር ብዛት ከአፍሪቃ አገሮች ቀዳሚዪቱ ናት፤ በዓመት የሚገኘውም ከ50 ሺህ ቶን በላይ ነው።

እንዲህ ያለችውን ፍጥረት የሚያጠፏት ነገሮች ብዙ ናቸው። የተፈጥሮ ጠላቶቿ የታወቁ ናቸው፤ ጉንዳን፣ የሰም ብል፣ ቀፎ የሚያበላሽ ትንሽ ጥንዚዛ፣ ደግሞም ቫሮዋ የሚባል በገላዋ ላይ ተጣብቆ የሚመጥጣት ተባይ አሉ። ቫሮዋ ከእስያ ንብ ወደ እኛ ዓይነቷ ንብ ተላልፎ ዓለምን የዞረ ነው፤ በአገራችንም ተገኝቷል፤ የአፍሪቃ ንብ ግን ከኤውሮጳዪቱ ይልቅ ትችለዋለች። እነዚህን ንብ ራሷ ትታገላቸዋለች። ልትታገለው የማይቻላት የሰው እጅ ነው።

የመጀመሪያው መርዝ ነው። ገበሬው ተባይ ለማጥፋት የሚረጨው መድኃኒት አበባ በፈካበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ ንቧን በሜዳ ይገድላታል፤ ካልገደላትም ዱቄቱን ይዛ ወደ ቀፎዋ በመግባት ታናናሾቿን ትመርዛለች። የአረም ማጥፊያው ደግሞ ምግቧን ያሳጣታል፤ ለእኛ አረም የኾነው ሁሉ ለእርሷ ማዕድ ነውና። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ብዙ ንብ አናቢዎች ቀፎአቸውን ሲከፍቱ ንግሥቲቱን ከጥቂት ልጆቿ ጋር አገኙ እንጂ ሠራተኞቹ የገቡበት ጠፋ። ሊቃውንቱ ከመረመሩት በኋላ ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልኾነ፣ ተባዩና በሽታው፣ መርዙና የምግብ ማጣቱ ተደራርበው እንዳጠፏት አስረዱ። በ2010 ዓ.ም. የኤውሮጳ ኅብረት ለንብ እጅግ ጎጂ የኾኑ ሦስት ዓይነት የተባይ መድኃኒቶች በሜዳ እርሻ ላይ እንዳይውሉ ከለከለ።

ሁለተኛው የዛፍ መቈረጥ ነው። ዋንዛና ብሳና፣ ግራርና ግራዋ፣ ጌተምም በየወራታቸው እየተቀባበሉ ያብባሉ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ከእነርሱ አንዱ ሲጠፋ በዓመቱ ውስጥ አንድ የረኃብ ወር ይፈጠራል፤ መንጋው በዚያ ወር ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል።

ሦስተኛው የማር አቈራረጥ ነው። ከቀፎዎቻችን እጅግ የሚበዙት እስከ ዛሬ እንደ ጥንቱ ያሉ ናቸው። ማር ሲቈረጥ በብዙ እሳትና ጭስ ንቡን አቃጥሎ፣ ዕጩንና ማሩን አንድ ላይ ማውጣት በብዙ ስፍራ ይታያል። ይህ ጥጃውንም ላሚቱንም አርዶ ወተት እንደ መፈለግ ነው። ከጥንቱ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲገኝ፣ እንጀራው በፍሬም እየተመዘዘ ከሚወጣበት ከአዲሱ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል፤ ይልቁንም ንቡ ሳይሞት ለከርሞ ይቈያል። በሆለታ የሚገኘው የንብ ምርምር ማእከል ይህን ሲያስተምር ኖሯል።

ሥራችን ከመዝገብና ከሕግ መጽሐፍ ጋር ነውና በዚህ ነገር ሕጉ ዝም እንዳላለ ልንገልጽ እንወዳለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብ ባለቤትነት የሚናገር አንቀጽ አለው። ከዚያም በኋላ ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 660/2002፣ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 ታውጀዋል። የተባበሩት መንግሥታትም ግንቦት 12 ቀን የዓለም የንብ ቀን እንዲኾን ወስኖ በ2010 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተከብሯል። ቀኑ የተመረጠው አንቶን ያንሻ የተባለውን የስሎቬንያ ሰው ለማሰብ ነው፤ ይህም ሰው በቪየና በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ዘመን የንብ እርባታ መምህር ኾኖ የተሾመ ነበር። አዋጅ ግን በየሰው ጓሮ ገብቶ የመርዙን ጠርሙስ ከእጅ አይቀበልም፤ ይህን የሚያደርገው የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ ናቸው።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው በየቤቱ ሊደረግ የሚቻለውን እንጠቍማለን። አትክልት ላይ መድኃኒት መርጨት ግድ ቢኾን አበባው ሳይፈካ ወይም ካለፈ በኋላ ይኹን፤ ሰዓቱም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ይኹን። የገጠር ዘመድ ያለው ሰው የሚረጭበትን ቀን ለጎረቤቱ ንብ አናቢ አስቀድሞ እንዲነግር ይምከረው፤ ያን ቀን ቀፎውን ይከድናልና። በግቢ ውስጥ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ድንብላልና ሱፍ መትከል ለወጡም ለንቡም ይጠቅማል። በበጋ ጠጠር በተደረገበት ሰፊ ሳሕን ውሃ ማኖር መልካም ነው፤ ንቧ በጠጠሩ ላይ ቆማ ትጠጣለች እንጂ አትሰጥምም።

ልጆች ንብ ባዩ ጊዜ እጃቸውን እንዳያወናጭፉ፣ በቀስታም እንዲርቁ ይማሩ። የነደፈች ንብ መንደፊያዋን ጥላ ትሞታለችና ያለ ምክንያት አትነድፍም። የተነደፈ ሰው መንደፊያው ፈጥኖ ይውጣለት፤ ስፍራውም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብለት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱና ምላሱ ካበጠ ወይም ብዙ ንብ ከነደፈው ግን አንድ ደቂቃ ሳይቈይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መንጋ በቤት ውስጥ ሲገባ አደገኛ መኾኑን አንክድም፤ የጎረቤታችን ሕፃን ሕመም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ መርዝ ሳይኾን ንብ አናቢ መጥራት ነው፤ በአቅራቢያ ያለውም የግብርና ጽሕፈት ቤት ንብ አናቢ ሊጠቍም ይችላል።

ይህን በቃል ብቻ አንመክርም፤ ሞክረነዋል። በሁለተኛው ዓመት በኅዳር ወር ሌላ መንጋ መጥቶ በግቢያችን ማንጎ ላይ አረፈ። የሰፈሩ ሰው እንደ ፊተኛው ጊዜ ተሰበሰበ፤ የመርዙንም ነገር ያነሡ ነበሩ። ያን ጊዜ ባለቤታችን ተነሥታ የዱባውን ነገር ነገረቻቸው፤ እኛም ስለ ፊተኛው ወረቀት የተሰማንን ጸጸት ሳንደብቅ ተናገርን። ከዚህ በኋላ እንደ ገና መዋጮ ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለሽማግሌው ንብ አናቢ የመጓጓዣ ነበር። ሕፃኑ የተነደፈበት ጎረቤታችን ስሙን በመጀመሪያ አስጻፈ። ሽማግሌው አመሻሽ ላይ በወይራ ጭስ የታጠነ ቀፎ ይዘው ደረሱ፤ ልጆቹ ሁሉ በቤት ውስጥ ኾነው በመስኮት ያዩ ነበር። ቀስ ብለው ቅርንጫፉን በቀፎው አፍ ላይ አራገፉ፤ አውራዋ በገባች ጊዜ የቀሩት ተከትለዋት ገቡ። ሌሊቱን በዚያው አድረው በንጋት ቀፎውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ አገራቸው ወሰዱት።

ሁለቱ ወረቀቶች ዛሬም በመሳቢያችን ውስጥ ይገኛሉ። በሁለቱም ላይ የተጻፉት ስሞች አንድ ናቸው፤ የተዋጣውም ገንዘብ ብዙ ልዩነት የለውም። በፊተኛው የተገኘው በአካፋ የተጠረገ ሬሳ ነው። በኋለኛው ግን ሽማግሌው በማር ቈረጣ ወራት ለየቤቱ አንዳንድ ቍራጭ የማር እንጀራ አመጡልን፤ ቀፎውም በቡናቸው መካከል ተሰቅሎ እንደሚገኝ ነገሩን። አንባቢዎቻችንም መንጋ በቤታቸው አጠገብ ባረፈ ጊዜ መዋጮውን ከመጻፋቸው አስቀድሞ ለምን እንደሚጽፉት ያስቡበት ዘንድ እንለምናለን።